ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ የእናቴ ኩላሊት በመድኃኒቱ ጠፋ ማለት ነው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እናቴ 63 ዓመቷ ነው። ትኩሳትና ከባድ ራስ ምታት ጀመራት፤ ነገር መቀላቀል ስትጀምር ሆስፒታል አስገባናት። ሄርፒስ የሚባለው ቫይረስ አንጎሏን አስቆጥቶታል ተብሎ አሳይክሎቪር በደም ሥር በየ8 ሰዓቱ ተጀመረላት። በሦስተኛው ቀን በስማችን ጠራችን። በማግስቱ ግን በደም ምርመራ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየው ክሪያቲኒኗ ጨምሯል ተባለና መድኃኒቱ በየ12 ሰዓቱ ሆነ። ካኑላ የገባበት እጇም ቀልቶ አብጧል፤ ያቃጥለኛል ትላለች። ለሐኪሞቹ ያልነገርናቸው ነገር አለ። አንድ ሰዓት ሙሉ እጇን ዘርግታ መቆየት ስላስቸገራት ወንድሜ ሁለት ሌሊት ጠብታውን ለቀቅ አድርጎት በሩብ ሰዓት አልቋል። ለራስ ምታቷም ከቤት ያመጣነውን ዲክሎፌናክ ሰጥተናታል። ኩላሊቷ ጠፋ ማለት ነው? ዲያሊሲስ (የኩላሊት እጥበት) ሊገባላት ነው? ቤተሰቡ መርፌው ይቅርና ክኒን ይሰጣት እያለ ነው።

መልስ፦ ጥያቄዎ ስለ ኩላሊት ነው። ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳዎት ግን «እናታችንን በገዛ እጃችን ጎዳናት ወይ?» የሚለው ይመስለኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ክሪያቲኒን ጨመረ ማለት ኩላሊት ጠፋ ማለት አይደለም። አሳይክሎቪር የሚያመጣው የኩላሊት ጉዳት በጊዜ ከተደረሰበት አብዛኛውን ጊዜ በቀናት ወይም በጥቂት ሳምንታት ይመለሳል። ፈሳሽ ይሰጣል፣ መጠኑ ይስተካከላል፣ ደሟ በየጊዜው ይታያል። ዲያሊሲስ የሚያስፈልጋቸው ጥቂቶች ናቸው። ከ8 ወደ 12 ሰዓት መራዘሙም ደግ ነው። ኩላሊት ሲደክም መድኃኒቱ ቶሎ ስለማይወጣ ሰዓቱ ይራራቃል። ሐኪሞቹ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። የጎደላቸው እናንተ የደበቃችሁት ወሬ ብቻ ነው።

አሁን ወደ ወንድምዎ ልምጣ። እንዲህ የሚያደርግ እሱ ብቻ አይደለም። በየክፍሉ አስታማሚ ጠብታውን ሲነካካ አያለሁ። አንዱ «ያው መድኃኒት ነው፣ ቶሎ ቢያልቅ ምን አለበት?» ይላል። ሌላው ቶሎ ከገባ ቶሎ ያሽላል ብሎ ያምናል። ሁለቱም ተሳስተዋል። አሳይክሎቪር በደም ሥር ሲሰጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ፈጅቶ፣ እኩል በሆነ ፍጥነት መግባት አለበት። ሰዓቱ የሕክምናው አካል ነው። የዚህ መድኃኒት አብዛኛው ክፍል ሳይለወጥ የሚወጣው በኩላሊት በኩል ነው። ቀስ ብሎ ሲገባ ሽንቱ አሟሙቶ ይዞት ይሄዳል። በሩብ ሰዓት ሲለቀቅ ግን ሽንቱ ሊያሟሟው ከሚችለው በላይ ይሆንና በኩላሊት ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ እንደ አሸዋ ይረጋል፣ ይዘጋቸዋል። ብልቃጡ ያው ነው፣ ሚሊግራሙም ያው ነው። የተለየው ፍጥነቱ ነው። ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ይታያል፤ ስለዚህ ክሪያቲኒኗ በአራተኛው ቀን መጨመሩ አይገርመኝም።

አልጨረስኩም። ጠብታው ቢቆምም፣ ቢዘገይም፣ ማሽኑ ቢጮህም ነርስ ይጠራል። ካኑላው ተበላሽቶ ግማሽ ሰዓት ከባከነም «እናካክሰው» ተብሎ አይፈጠንም። እጅ መዘርጋት ከሰለቻቸው ከክንዳቸው ሥር ትራስ ይደረግ፤ ካኑላው ክርን መታጠፊያ ላይ ከሆነ ወደ ሌላ ቦታ እንዲዛወር ይጠየቅ። የጠብታ መቆጣጠሪያዋን ግን አስታማሚ አይንካት። አይንካት!

ዲክሎፌናክን በተመለከተ፣ እውነቱን ልናገር፣ ትዕግሥቴ አለቀ። አንጎሉ የተቆጣ ሰው ሆስፒታል ተኝቶ ከቤት በመጣ ክኒን ይታከማል? ዲክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳሉ። ከአሳይክሎቪር ጋር ሲሆን በቆሰለ ላይ መምታት ነው። ራስ ምታት ካለ ለነርሷ ይነገር። ፓራሲታሞል አለ፣ መጠኑንም እነሱ ያውቃሉ።

ሽንታቸውን ለክታችሁ መዝግቡ። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው በሰዓት 30 ሚሊ ሊትር ያህል ቢያንስ መውጣት አለበት። ከዚያ ካነሰ ወይም ጎናቸውን ካመማቸው ተናገሩ። ለኩላሊት ይጠቅማል ብላችሁ ግን ግራ የገባውን ሰው ውኃ አታስገድዱ፤ ትን ሊል ይችላል። ፈሳሹ በደም ሥር ይሰጣቸዋል።

እጃቸው የሚያቃጥለው መድኃኒቱ የደም ሥርን ስለሚያስቆጣ ነው፤ ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ደግሞ ቆዳን ይጎዳል። አትሹት፣ ምንም አትቀቡ። ነርሷ ወዲያው አቁማ ካኑላውን በሌላ ቦታ ትተክላለች። ውኃ ከቋጠረ ወይም ከጠቆረ ለሐኪም በዚያው ሰዓት ይታይ። አብዛኛው እብጠት ግን በቀናት ይጠፋል።

አንድ ሌላ ነገር እናንተ ከሁሉ ቀድማችሁ ልታዩ ትችላላችሁ። ተሽሏቸው የነበሩት እናትዎ እንደገና ቢቃዡ፣ እጃቸው ቢንቀጠቀጥ፣ የሌለ ነገር ቢያዩ ወይም ምላሳቸው ቢተሳሰር፣ በሽታው ሊሆን ይችላል፣ በሰውነታቸው የተጠራቀመው መድኃኒትም ሊሆን ይችላል። የሚለየው ሐኪም ነው። «እስኪነጋ እንይ» አይባልም።

ክኒኑስ? አይሆንም። በአፍ የተወሰደ አሳይክሎቪር ወደ ደም የሚገባው ጥቂቱ ብቻ ነው፤ አንጎልን ለማከም አይበቃም። ይህ በሽታ ካልታከመ ከ10 ሰው ወደ 7 የሚጠጋውን ይገድላል። በደም ሥር የሚሰጠው ሕክምና ከ14 እስከ 21 ቀን ይቆያል፤ ቢያቋርጡት ሊያገረሽ ይችላል። እናትዎ በስማችሁ የጠሯችሁ በዚህ መድኃኒት ነው።

ሌላ የቫይረስ መድኃኒት በደም ሥር ለሚወስዱ አንባቢዎች በአጭሩ፦ ጋንሲክሎቪር የደም ሕዋሳትን ስለሚቀንስ ትኩሳት ሲመጣ ሳይጠበቅ ወዲያው ይነገር። ፎስካርኔት ደግሞ ካልሲየምን ያዛባል፤ የአፍ ዙሪያ ሲደነዝዝ ወዲያው ይነገር።

አሁን ስልኩን አስቀምጠው ወደ ተረኛ ነርሷ ይሂዱ። ጠብታው ስንት ጊዜ እንደተለቀቀ፣ ዲክሎፌናኩ ስንት ፍሬ እንደሆነና መጨረሻ የተሰጠው መቼ እንደሆነ ይንገሯት። ልትቆጣ ትችላለች። ትቆጣ። ወንድምዎም አብሮ ይሂድ፤ ስንት ፍሬ እንደሰጣቸው የሚያውቀው እሱ ከሆነ እሱ ይናገር።