ስክሪን ላይ ልክ የነበረው የስፖርት ጡት ማስያዣ ሲለበስ ለምን ይከዳል?

ጥያቄ፦ የስፖርት ጡት ማስያዣ በስሪዲ ሶፍትዌር እነድፋለሁ። ስክሪን ላይ አቫታሯ (ልብሱን የምትለብሰው የኮምፒውተር አምሳያ ሴት) ስትሮጥ ንቅንቅ አይልም። ተሰፍቶ ሲለበስ ግን ማንገቻው ይለጠጣል፣ የታችኛው መታጠቂያም በጀርባ በኩል ወደ ላይ ይሸሻል። ፓተርኑን (የልብሱን ቅድ) ደጋግሜ ባስተካክልም ለውጥ የለም። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ፓተርኑን ለጊዜው ይተዉት። አቫታሯ ስትሮጥ ልብሱ አለመነቃነቁም አያጽናናዎት። የአብዛኛው የልብስ ሶፍትዌር አቫታር እንደ ማኔኪን ደረቅ ናት። ጡቷ ከደረቷ ጋር አብሮ ስለሚሄድ መጀመሪያውኑ የሚነጥር ነገር የለም።

ሶፍትዌሩ የሚጠቅመው ልክና ውጥረት ለማየት ነው። እሱም የራስዎን ጨርቅ ጠባይ ካስገቡለት። ግምቴን ልንገርዎት? ከተዘጋጀው ዝርዝር «ናይለን ስፓንዴክስ» የሚለውን መርጠው ቀጥለዋል። ሁሉም ሰው እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ከጨርቅዎ 5 ሳ.ሜ. ስፋት ያላቸው ቁራጮች በቁመት፣ በወርድና በሰያፍ ይቁረጡ። መሃላቸው ላይ 10 ሳ.ሜ. ለክተው ምልክት ያድርጉ። መጀመሪያ በእጅዎ ደጋግመው ይለጥጧቸው፤ አዲስ ጨርቅ ጥቂት ከተለጠጠ በኋላ ስለሚላላ የመጀመሪያው ልኬት ያታልላል። ከዚያ አንጠልጥለው 250 ግራም፣ 500 ግራም፣ 1 ኪሎ፣ 1.5 ኪሎ እያሉ ይጫኑና በየደረጃው ርዝመቱን ይጻፉ። ክብደቱ ተነስቶ ትንሽ ከቆየም በኋላ 10 ሳ.ሜ.ው 10.5 ሆኖ ከቀረ፣ እኔ ብሆን ያንን ጨርቅ ለማንገቻ አልነካውም። ላስቲኩንም፣ የተሰፋውን ስፌትም እንዲሁ ይፈትኑ። ስፌት ያለበት ቦታ እንደ ባዶው ጨርቅ አይለጠጥም።

1.5 ኪሎ በዛ? 500 ግራም የሚመዝን ጡት ቆመው ሳለ 5 ኒውተን ያህል ይጎትታል። በሩጫ ደረት ከታች ወደ ላይ ሲመለስ የመሬት ስበትን 2 እጥፍ የሚያህል ፍጥንጥነት ቢጨመርበት 15 ኒውተን ይሆናል። ያ የ1.5 ኪሎ ክብደት ነው።

የመታጠቂያው መሸሽ ደግሞ ማንገቻው የእሱን ሥራ እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ማንገቻውን ቢያሳጥሩ ይብሳል። አዲሱን የጨርቅ ልኬት ካስገቡ በኋላ መታጠቂያውን ያጥብቡና ጨርቁ የት ምን ያህል እንደተወጠረ በቀለም በሚያሳየው የሶፍትዌሩ የውጥረት ካርታ ላይ ዙሪያውን እኩል መያዙን ይዩ። ከዚያ የአቫታሯን የደረት ዙሪያ ጥቂት ሳ.ሜ. አስፍተው ይድገሙት። በረጅሙ የምትተነፍስ ሯጭ እንዳትታፈን።

ንጥረቱን ራሱን ማስላት ካሻዎት ፋይናይት ኤለመንት የሚሠራ፣ ማለትም አካልን በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ የሚያሰላ፣ ሌላ ሶፍትዌር ያስፈልጋል። እዚያ አንድ ወጥመድ አለ። ጡት ውስጡ ጡንቻ የለውም፤ የሚይዙት ቆዳውና የኩፐር ጅማቶች የሚባሉት በውስጡ ያሉ ቀጫጭን ማሰሪያዎች ናቸው። ስለዚህ ቆማ ስካን የተደረገች ሴት ጡት በስበት ቀድሞ ወርዷል። ያንን ቅርጽ መነሻ አድርገው ስበት ሲጨምሩበት ኮምፒውተሩ ሁለተኛ ያወርደዋል፤ ውጤቱም ሁሉ ይዛባል። መጀመሪያ ስበት የሌለበትን ቅርጽ ወደ ኋላ አስልተው ያግኙ። አድካሚ ነው፣ ግን መዝለል አይቻልም።

ለአንድ ሳምፕል ብቻ ከሆነ ግን ይህ ሁሉ ጣጣ አያስፈልግም። የደረት አጥንቷ አናት ላይና ልብሱ ላይ፣ ጡቷ ጫፍ ትይዩ፣ ነጥብ ይለጥፉና ስትሮጥ በስልክ ይቅረጿት፤ ከፊትም ከጎንም፣ ምክንያቱም ጡት ወደ ጎንና ወደ ፊትም ይንቀሳቀሳል። ከጡቱ ነጥብ እንቅስቃሴ ላይ የደረቱን ሲቀንሱ የሚቀረው ንጥረቱ ነው። ሯጭ በሴኮንድ 3 እርምጃ ያህል ስለምትረግጥ በሴኮንድ 30 ፍሬም (ምስል) ሲቀርጹ ለአንድ እርምጃ 10 ምስል ብቻ ነው የሚደርስዎት። ስልኩን 120 ላይ ያድርጉት።