የፌርፋክስ ድምፅና የቨርጂኒያ ውጤት ለምን ይለያያሉ?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። «በ2021 የገዥ ምርጫ ፌርፋክስ ካውንቲ ለዲሞክራቱ ማክኦሊፍ 65 በመቶ ሰጠ፤ ቨርጂኒያ ግን ሪፐብሊካኑን ያንግኪንን መረጠች። ታዲያ እኛ እዚህ መሰለፋችን ምን ዋጋ አለው?» ነው ያልሽው። ከዚያም እናትሽ ዜግነት አግኝተው ለመጀመሪያ ጊዜ ሊመርጡ ስለሆነ፣ የት ሄደው እንደሚመርጡና እንግሊዝኛ ሳያነቡ እንዴት እንደሚሆን ጠይቀሻል። እኔ በፌርፋክስ ብዙ ዓመት ኖሬያለሁ። በምርጫ ቀንም ጣቢያ ላይ እሠራለሁ። ስለዚህ ለማን ምረጡ የሚለውን ትቼ ስለ ቁጥሩ የማውቀውን ልንገርሽ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንያዝ። ለገዥም ሆነ ለሴኔት ምርጫ ካውንቲ የሚያሸንፈውም የሚሸነፈውም ነገር የለም። በቴሌቪዥን ካርታው ላይ አንዱ ካውንቲ ሰማያዊ (ዲሞክራት) ሌላው ቀይ (ሪፐብሊካን) ሲቀባ ጨዋታው የካውንቲ ይመስላል። ሕጉ ግን ቀለም አይቆጥርም። የስቴቱ ድምፅ በሙሉ አንድ ላይ ተደምሮ ብዙ ያገኘው ያሸንፋል፣ አለቀ። ለፕሬዚዳንትም ቢሆን ፕሬዚዳንቱን በይፋ የሚመርጡት የቨርጂኒያ 13 ወኪል መራጮች በጠቅላላ የሚሄዱት በስቴቱ ድምር ላበለጠው ነው። በምርጫ ክልል የሚያከፋፍሉት ሜይንና ነብራስካ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ፌርፋክስ ውስጥ የጣልሽው ድምፅና በደቡብ ምዕራብ ጫፍ በሊ ካውንቲ የተጣለው ድምፅ ክብደታቸው አንድ ነው።

ልዩነቱ ያለው በሰው ብዛት ነው። በ2020 ቆጠራ የፌርፋክስ ነዋሪ 1.15 ሚሊዮን ነበር። ቨርጂኒያ በጠቅላላ 8.6 ሚሊዮን። ሊ ካውንቲ 22 ሺህ ገደማ። በካርታ ላይ ግን ሊ ካውንቲም ደህና ቦታ ይይዛል። ካርታ መሬት ነው የሚያሳይሽ።

አሁን ወደ 2021 እንምጣ። አብዛኛው ሰው ያንን ዓመት ሲያወራ ከ2020 ጋር ያነጻጽረዋል። በ2020 ባይደን ፌርፋክስ ውስጥ ወደ 70 በመቶ አገኙ፣ ብልጫቸውም ወደ 250 ሺህ ድምፅ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ማክኦሊፍ 65 በመቶ ሲያገኙ ብልጫው ከ130 ሺህ ጥቂት አለፈ። ይህን ያየ ሰው «ፌርፋክስ ከዳ» ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። የፕሬዚዳንት ምርጫና የገዥ ምርጫ አይነጻጸሩም። ቨርጂኒያ ገዥዋን የምትመርጠው በጎዶሎ ዓመት ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚወጣው ሕዝብ ያንሳል። በ2020 በስቴቱ ወደ 4.5 ሚሊዮን ሰው ሲመርጥ በ2021 የመረጠው 3.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ብልጫው በግማሽ መቀነሱ የግድ ሰው ሐሳቡን ለወጠ ማለት አይደለም። ብዙው ቤቱ ቀርቷል።

ትክክለኛው ንጽጽር ከ2017 የገዥ ምርጫ ጋር ነው። እዚህ ላይ ቆም ብለሽ እዪልኝ፣ ምክንያቱም የጥያቄሽ መልስ ያለው እዚህ ነው። በ2017 ዲሞክራቱ ኖርተም ፌርፋክስን በ68 በመቶ ገደማ ወሰዱ። ማክኦሊፍ በ65። በመቶኛ ሲታይ ቀንሷል። በድምፅ ቁጥር ግን ሁለቱም ከካውንቲው ይዘው የወጡት ብልጫ ከ130 ሺህ በላይ ነው፤ ልዩነቱ ጥቂት ሺህ ብቻ። እንዲያውም ማክኦሊፍ እዚህ ከኖርተም የበለጠ ድምፅ ነው ያገኙት። ያም ሆኖ ኖርተም በስቴቱ በ233 ሺህ አሸነፉ፣ ማክኦሊፍ ወደ 64 ሺህ በሚሆን ተሸነፉ።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? የፌርፋክስን ብልጫ ከስቴቱ ውጤት ላይ ቀንሺው። ከፌርፋክስ ውጪ ያለው ቨርጂኒያ በ2017 ለዲሞክራቱ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ብልጫ ሰጥቶ ነበር። በ2021 ያው ቨርጂኒያ ለሪፐብሊካኑ ወደ 200 ሺህ ብልጫ ሰጠ። ያንግኪን ከአራት ዓመት በፊት የተሸነፉት ሪፐብሊካኑ ጊሌስፒ ካገኙት በላይ 487 ሺህ ገደማ ድምፅ ጨመሩ። ማክኦሊፍም በ2017 አሸናፊ ከነበሩት ከኖርተም 190 ሺህ ያህል በልጠዋል፣ ግን አልበቃቸውም። በገጠሩ ከዚህ በፊት በጎዶሎ ዓመት ቤቱ ይቀር የነበረ ብዙ ሰው ወጥቶ መረጠ። በሪችመንድ ዳርቻ ያለው ቼስተርፊልድ ካውንቲ በ2020 ለባይደን ሰጥቶ ነበር፣ ከ1948 ወዲህ ለዲሞክራት ሲሰጥ ያ የመጀመሪያው ነው። በ2021 ወደ ያንግኪን ተመለሰ። ፌርፋክስ የድርሻውን አዋጥቷል፤ ሌላው ቦታ የበለጠ አዋጣ። የእናንተ ድምፅ ዋጋ ያጣበት ምርጫ ሳይሆን የሌላው ሰው ድምፅ የጨመረበት ምርጫ ነበር።

በዚያው ዓመት በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ የነበረውን ታስታውሺ ይሆናል። በኢትዮጵያ ጦርነት ላይ የባይደን አስተዳደር በያዘው አቋም የተቆጡ ወገኖቻችን ለያንግኪን በግልጽ ቀሰቀሱ። ከዚህ ተቃራኒ የሚያስቡና በሌላ ቁስል የሚያዝኑ ወገኖችም በመካከላችን ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ከምርጫው በኋላ «ያንግኪንን ያስመረጥናቸው እኛ ነን» የሚል ወሬ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። የካውንቲ ውጤት ይህን ሊያረጋግጥም ሊያስተባብልም አይችልም። ድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ የትውልድ አገር አይጻፍም። ከውጤት ተነስቶ «ሐበሻው እንዲህ መረጠ» ማለት ግምት ብቻ ነው፣ ሰው ማጣላት ደግሞ አይቸግረውም።

ፌርፋክስ ሁልጊዜ እንዲህ እንዳልነበረም እወቂ። ከ1968 እስከ 2000 በተካሄዱት የፕሬዚዳንት ምርጫዎች ሁሉ ካውንቲው ለሪፐብሊካን ነው የሰጠው። በ2004 ኬሪ 53 በመቶ አግኝተው ከ1964 በኋላ የመጀመሪያው ዲሞክራት አሸናፊ ሆኑ። ስቴቱ ግን በዚያው ቀን ለቡሽ 54 በመቶ ገደማ ሰጠ። ከአራት ዓመት በኋላ ኦባማ ስቴቱንም ወሰዱ። ካውንቲው ስቴቱን በአንድ ምርጫ ቀድሞት ነበር ማለት ነው።

ስቴቱን የሚመስል ካውንቲ ማየት ከፈለግሽ ከፌርፋክስ ይልቅ ጎረቤታችን ላውደን ይሻል ነበር። በ2012 ኦባማ በላውደን 51.5 በመቶ፣ በስቴቱ 51.2 በመቶ አገኙ፤ ቁርጥ አንድ ነው። አሁን ላውደንም ርቆ ሄዷል። ቢሆንም እንቅስቃሴው ይጠቅማል። በ2020 ባይደን 61.5 በመቶ ያገኙበት ላውደን በ2024 ለሃሪስ የሰጠው ወደ 56 ነው። ያ ውጤት ገና በጊዜ ሲወጣ ሌሊቱ ወዴት እንደሚሄድ ብዙ ሰው ገባው። ሃሪስ ካውንቲውንም ስቴቱንም አሸንፈዋል፣ ግን አቅጣጫው ታይቷል። ስለዚህ «ማን ወሰደው?» ከማለት «ካለፈው ተመሳሳይ ምርጫ በስንት ተለወጠ?» ብለሽ ጠይቂ። በ2025 ዲሞክራቷ ስፓንበርገር የገዥውን ወንበር ወደ 15 ነጥብ በሚሆን ልዩነት ሲያሸንፉም ከ2021 ጋር እንጂ ከ2024 ጋር አታስተያዪው።

«መሰለፋችን ምን ዋጋ አለው?» ላልሽው 2013ን ልጥቀስልሽ። ለስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዲሞክራቱ ሄሪንግና ሪፐብሊካኑ ኦበንሼይን ተወዳደሩ። ከ2.2 ሚሊዮን በላይ ድምፅ ተቆጥሮ የጸደቀው ልዩነት 165 ነበር። እንደገና ሲቆጠር 907 ሆነ፣ ሄሪንግም አሸነፉ። በቆጠራው ሰሞን እዚሁ ፌርፋክስ ውስጥ ሳይቆጠሩ የቆዩ 3 ሺህ ገደማ ድምፆች ተገኝተዋል። በ2017 ደግሞ ኒውፖርት ኒውስ ውስጥ ለስቴቱ ምክር ቤት የተወዳደሩ ሁለት ሰዎች እኩል ወጥተው አሸናፊው በዕጣ ተለየ። ያ አንድ ወንበር የምክር ቤቱን አብላጫ ወሰነ። እኔ ጣቢያ ላይ «ለይስሙላ ነው የመጣሁት» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ይህንኑ ብነግረው ደስ ይለኝ ነበር፣ ግን እዚያ ስለ ምርጫው መወያየት አይፈቀድልንም።

ራስሽ ልታነጻጽሪ ከሆነ ሁለት ነገር ያሳስታል። የመጀመሪያው፣ የምርጫ ማታ ቁጥር ነው። ፌርፋክስ ትልቅ ስለሆነ አስቀድሞ የተሰጠው ድምፅ ባንዴ ክምር ሆኖ ዘግይቶ ሊገባ ይችላል። በ2020 ማታ ትራምፕ በቨርጂኒያ ለሰዓታት ሲመሩ የታየው ለዚህ ነው። ሰው ይህን አይቶ «ሌሊት ተሰረቀ» ይላል፤ ከቆጠራ ቅደም ተከተል በቀር ሌላ ነገር የለውም። የበፊቱን የጣቢያ ውጤት ስታዪም ተጠንቀቂ። ያኔ ቀድሞ የተሰጠው ድምፅ ለብቻው በአንድ ቦታ ይመዘገብ ስለነበር የጣቢያው ቁጥር ሙሉ አይደለም። አሁን ሕጉ ተለውጦ ወደየጣቢያው ይመደባል።

ሁለተኛው ከተማና ካውንቲ መደባለቅ ነው፣ ይህ ደግሞ ከእናትሽ ጥያቄ ጋር ይገናኛል። ቨርጂኒያ 95 ካውንቲና 38 ራሳቸውን የቻሉ ከተሞች አሏት። ከተሞቹ በየትኛውም ካውንቲ ሥር አይደሉም። አሌክሳንድሪያ ከተማ፣ ፎልስ ቸርች ከተማ፣ ፌርፋክስ ከተማ ሳይቀር ውጤታቸው ለብቻው ነው የሚወጣው። ችግሩ ፖስታ ቤት ይህን አያውቅም። በስካይላይን አካባቢ ያለው ሕንፃ አድራሻው «ፎልስ ቸርች» ይላል፣ መራጩ ግን የፌርፋክስ ካውንቲ ነው። ኪንግስታውንና ፍራንኮኒያም «አሌክሳንድሪያ» እየተባሉ ካውንቲው ውስጥ ናቸው። ወገኖቻችን በጣም የሚኖሩት ደግሞ እዚያው ነው። የምርጫ ቀን የአሌክሳንድሪያ ከተማ ጣቢያ ሄደው «ስምዎ የለም» ተብለው የሚመለሱ ሰዎች አጋጥመውኛል፣ ሥራ አስፈቅደው የመጡ ሰዎች ስለሆኑ ያሳዝናል። በፖስታ አድራሻቸው አትተማመኚ። በስቴቱ የምርጫ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ የእናትሽን ስምና አድራሻ አስገቢ፣ ጣቢያቸውን ይነግርሻል። ገና ካልተመዘገቡ ደግሞ ዛሬውኑ አስመዝግቢያቸው። ቀኑ ቢያልፍባቸው እንኳ በምርጫው ቀን ተመዝግበው ጊዜያዊ ድምፅ መስጠት ይችላሉ፣ ያ ግን ተጣርቶ ነው የሚቆጠረው።

ስለ ቋንቋው፦ ፌርፋክስ ውስጥ የድምፅ መስጫ ወረቀት በአማርኛ የለም። የፌዴራሉ ሕግ የሚያስገድደው ለስፓኒሽ፣ ለእስያና ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቋንቋዎች ስለሆነ እዚህ በግዴታ ያሉት ስፓኒሽና ቪየትናምኛ ናቸው። ዋሽንግተን ዲሲ ግን በራሷ የ2004 ሕግ ለመንግሥት አገልግሎቶች አማርኛን አካታለች። እዚያ የሚኖር ዘመድ ስለ አማርኛ አገልግሎት ቢነግራችሁ፣ ያ ለእኛ አይሠራም። ቢሆንም እናትሽ ማንበብ ካልቻሉ የሚረዳቸውን ሰው ራሳቸው የመምረጥ መብት አላቸው። አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ተወካይ እስካልሆነ ድረስ ማንም ይሆናል፣ አንቺም ጭምር። ጣቢያው ላይ አንድ ቅጽ ሁለታችሁ ትፈርማላችሁ። ከዚያ እያነበብሽ ትተረጉሚላቸዋለሽ፣ የሚመርጡት እሳቸው ናቸው። ሰልፍ ላይ ማቆም ካልፈለግሽ ድምፅ መስጠት የሚጀመረው ከምርጫው ቀን 45 ቀን አስቀድሞ ስለሆነ በሳምንት መሀል ረፋዱ ላይ ውሰጃቸው፤ ብዙ ጊዜ ሰው የለም።