ለጅማ ወጣት የኔትወርክ ባለሙያዎች፦ ከመትከላችሁ በፊት አየሩን ስሙት

ልጆቼ፣

ዋይፋይ እንድትተክሉ ወደ ሱቅ ወይም ፔንሲዮን ስትጠሩ፣ ራውተሩን ከካርቶኑ ከማውጣታችሁ በፊት ስልካችሁን አውጡና አየሩን ቃኙ። የመቃኛ አፕ በነፃ ይገኛል፤ የጎረቤት ኔትወርኮች በየትኛው ቻናል (የሬዲዮ ሞገድ መተላለፊያ) ላይ እንዳሉና በስንት ዲቢኤም (የሲግናል ጉልበት መለኪያ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይጎላል) እንደሚሰሙ ያሳያችኋል። በሂርማታ መርካቶ ግድግዳ ለግድግዳ በተያያዙ ሱቆች መካከል ይህን ሳያዩ መትከል በግምት መሥራት ነው።

በ2.4 ጊጋሄርዝ፣ ማለትም በአንደኛው የዋይፋይ ሞገድ፣ የቻናሎች መሃል በ5 ሜጋሄርዝ ይራራቃል፣ አንድ ኔትወርክ ግን 20 ሜጋሄርዝ ይይዛል። ሳይነካኩ የሚኖሩት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። «1ም 6ም ተይዟል፣ 3 ባዶ ነው» ብላችሁ 3 ላይ አትግቡ። ቻናል 3 ከ2412 እስከ 2432 ሜጋሄርዝ ይዘረጋል፤ ቻናል 1 እስከ 2422 ይደርሳል፣ 6 ደግሞ ከ2427 ይጀምራል። ባዶ የመሰላችሁ ቦታ ሁለቱንም ጎረቤት ይረግጣል።

ይህ ለምን እንደሚጎዳ በደንብ ያዙልኝ። በአንድ ቻናል ላይ ያሉ ራውተሮች ከመናገራቸው በፊት ያዳምጣሉ፤ የሌላውን መልእክት መነሻ ከለዩ፣ -82 ዲቢኤም ያህል ደካማ ቢሆን እንኳ ተራቸውን ይጠብቃሉ። ከጎን ቻናል የሚመጣውን ግን መለየት ስለማይችሉ፣ እስከ -62 ካልጎላ በቀር በላዩ ላይ ይናገራሉ። መሃሉ 20 ዴሲቤል ነው፤ በኃይል 100 እጥፍ ማለት ነው። ስለዚህ አራተኛው ሱቅ ሲመጣ ከሦስቱ በጣም ደክሞ ከሚሰማው ጋር አንድ ቻናል ይጋራ።

ደንበኛው «ሲግናሉን ጨምርልኝ» ይላችኋል። ራውተሩ ቢጮህ የስልኩ ድምፅ አይጨምርም፤ ስልኩ ላይ የሲግናሉ ምልክት ሙሉ ሆኖ ገጽ አልከፍት የሚለው በዚህ ነው። ኃይሉን እየቀነሳችሁ ሩቁ ጥግ ላይ -67 ዲቢኤም አካባቢ ሲሆን አቁሙ። ራውተሩንም ከፍሪጅ ጀርባና ከብረት መደርደሪያ አርቁት።

የጋራው ሀብት ጊዜ ነው። 1500 ባይት በሰከንድ 1 ሜጋቢት ሲላክ 12 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ በ54 ግን ከሩብ ሚሊሰከንድ ያነሰ። የድሮውን ቀርፋፋ ፍጥነት፣ ማለትም 1፣ 2፣ 5.5 እና 11ን፣ ራውተሩ ከፈቀደና ያረጀ ዕቃ ከሌለ ዝጉ። በ2.4 ላይ 40 ሜጋሄርዝ ስፋት አታብሩ፤ የመንደሩን አየር ይጠቀልላል።

ስልኮቹ ከቻሉ ወደ 5 ጊጋሄርዝ አሸጋግሯቸው፤ በተጨናነቀ ሕንፃ ውስጥ 20 ወይም 40 ሜጋሄርዝ ስፋት ይበቃል። ከ52 እስከ 144 ባሉት ቻናሎች የራዳር አገልግሎት አለ፤ ራውተሩ ገና ሲበራ ቢያንስ 60 ሰከንድ የሚያዳምጠው ለዚህ ነውና ተበላሽቷል ብላችሁ አትነቅሉት። ኃይል ለመጨመር ብሎ በራውተሩ ቅንብር ውስጥ ያለውን የአገር ምርጫ መቀየር ግን በፍጹም አይገባም። ስፔክትረምን (የሬዲዮ ሞገዶችን) የሚያስተዳድረው በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

በጣራ ላይ ሁለት ሕንፃ ስታገናኙ የጅማን ዝናብ አትውቀሱ። በእነዚህ ፍሪኩዌንሲዎች ዝናቡ ራሱ ብዙም አይቀንስም፤ የሚቀንሰው እርጥብ ቅጠልና ውሃ የገባበት ማያያዣ ነው። ማያያዣውን በሚለጠጥ የጎማ ፕላስተር ጠቅልሉት። ለ1 ኪሎ ሜትር በ5.8 ጊጋሄርዝ መስመሩ መሃል ላይ ዙሪያውን ቢያንስ 2.2 ሜትር ከዛፍ ነፃ ይሁን፤ ዛፉ እንደሚያድግም አስቡ።

ስትጨርሱ ቻናሉንና ቀኑን ጽፋችሁ ራውተሩ ላይ ለጥፉ፣ ለጎረቤት ባለሱቅም ንገሩ። ማታ ሰው ሲበዛ ተመልሳችሁ እንደገና ቃኙ፤ የቀን ንባብ ብቻውን አይበቃም።