ሰው ወዳድ ነኝ፤ ታዲያ ድባቴ ከየት መጣብኝ?

ጥያቄ፦ የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ ተጫዋች ስለሆንኩ ቡና ሲፈላ ጎረቤቱ ሁሉ የሚሰበሰበው እኔ ቤት ነው። ታናሽ ወንድሜ ዝምተኛ በመሆኑ ቤተሰባችን ለአእምሮ ጤናው የሚሰጋው ለእሱ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ሐኪም ድባቴ እንደያዘኝ ነግሮኝ መድኃኒት የጀመርኩት እኔ ነኝ። አሁንም አንዲት ጓደኛዬ ሰላምታዬን ቀዝቀዝ አድርጋ ከመለሰችልኝ «ምን አስቀይሜያት ይሆን?» እያልኩ ስብሰለሰል አድራለሁ። ሰው ወዳድነት ከድባቴ አይጠብቅም? ወይስ አንጎሌ ላይ ችግር አለ?

መልስ፦ ውድ እህታችን፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ልባችንን የነካው ያች የቀዘቀዘች ሰላምታ ናት፤ የጥያቄዎም መልስ በአብዛኛው እዚያው ላይ ይገኛል።

ከሰው ጋር መጫወት መውደድና የሰው ፊት እያዩ መኖር ሁለት የተለያዩ ጠባዮች ናቸው፤ አንድ ሰው ላይ አብረው ስለሚገኙ ግን ይምታታሉ። አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ እ.ኤ.አ. በ1983 ሁለተኛውን ለይተው ሲያስረዱ፣ የራሱን ዋጋ ሌሎች በሚሰጡት ፍቅርና ተቀባይነት የሚለካ ሰው ያ ፍቅር የጎደለ በመሰለው ጊዜ ለድባቴ ይበልጥ እንደሚጋለጥ ገልጸዋል። ይሉኝታን እንደ በጎ ጠባይ ተምረን ላደግን ለእኛ ይህን መቀበል ቀላል አይደለም። ከጠባዮች ሁሉ ከድባቴ ጋር ጠንካራ ዝምድና የታየበት ግን ቶሎ የመጨነቅና የመከፋት ዝንባሌ ሲሆን፣ ዝምተኝነት ብቻውን ያን ያህል አያሰጋም።

ስለ አንጎል ለጠየቁት፣ እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ጥሩ ፍንጭ ይሰጣል። 13 ሰዎች የአንጎል ምስል ማንሻ መሣሪያ ውስጥ ተኝተው በኮምፒውተር ኳስ ይቀባበላሉ፤ ጥቂት እንደተጫወቱ ሌሎቹ «ተጫዋቾች» እነሱን ትተው እርስ በርስ ብቻ መቀባበል ይጀምራሉ። በዚህን ጊዜ አካላዊ ሕመም ሲሰማን ከሚነቁት የአንጎል ክፍሎች አንዱ የሆነው አንቴሪየር ሲንጉሌት ኮርቴክስ ሥራው ጨምሮ ታየ፤ ይበልጥ በተከፉት ሰዎች ላይ ደግሞ ይበልጥ ጨመረ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ክፍሉም ሌላ ብዙ ተግባር አለው። ቢሆንም መገለል እንዲህ ማሳመሙ የሰው ሁሉ ተፈጥሮ እንጂ የእርስዎ አንጎል ጉድለት አይደለም። ድባቴንም ሐኪም የሚለየው ታማሚውን በማነጋገር እንጂ በአንጎል ምስል አይደለም።

ለወደፊቱ፣ እንዲህ ያለች ሰላምታ ስትገጥምዎ ወደ አእምሮዎ የመጣውን ሐሳብ በወረቀት ላይ ያስፍሩት፤ ከጎኑም ጓደኛዎን ሊያቀዘቅዛት የሚችል ሌላ ምክንያት፣ ለምሳሌ ድካም፣ የቤት ጣጣ ወይም የታመመ ልጅ፣ ይጻፉ። በንግግር ሕክምና ውስጥ የሚሠራው አንዱ ልምምድ ይኸው ስለሆነ በባለሙያ ቢታገዙ ደግሞ የበለጠ ይጠቅምዎታል። መድኃኒቱን ሐኪምዎን ሳያማክሩ አያቋርጡ። የከፋ ስሜቱ ወይም ለነገሮች ፍላጎት ማጣቱ ሁለት ሳምንት ከዘለቀ ቀጠሮዎን ሳይጠብቁ ይመለሱ፤ ሞትን የመመኘት ሐሳብ ከመጣ ግን ሳያድሩ በዚያው ዕለት ወደ ሆስፒታል ይሂዱ።