ጉልበት ወይም ዳሌ ለተቀየረላቸው፦ የአስታማሚዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እናቴ ጉልበታቸው በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ መገጣጠሚያ ተቀይሮ ቤት ገብተዋል። ሲያማቸው ከጉልበታቸው ሥር ትራስ አደርጋለሁ። ችግር አለው?

መልስ፦ አለው፤ ዛሬውኑ ያውጡት። ጉልበት ታጥፎ ሲያርፍ ሕመሙ ቀለል ይላል፤ እንደታጠፈ ከሰነበተ ግን ከኋላው ያለው ጅማት ያጥርና እግሩ መዘርጋት እምቢ ይላል። እያነከሱ ሊቀሩ ይችላሉ። ይልቅ ፎጣ ጠቅልለው ከተረከዛቸው ሥር ያድርጉ። ከጉልበቱ በታች ባዶ ሲሆን በራሱ ክብደት ይዘረጋል። መጀመሪያ 5 ደቂቃ ከቻሉ ትልቅ ነገር ነው። ለእብጠቱ በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይያዙላቸው፤ በባዶ ቆዳ ላይ ግን በፍጹም።

ጥያቄ፦ እንቅስቃሴ ሲባሉ ያለቅሳሉ። ልተዋቸው?

መልስ፦ አይተዉአቸው፤ ሰዓቱን ያስተካክሉ። የታዘዘላቸው የሚዋጥ ማስታገሻ ሰዓቱ ሲደርስ ይስጧቸውና ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ቆይተው ያንቀሳቅሷቸው። ብዙ ሰው ሕመሙ እስኪብስ ይጠብቃል፤ ያኔ መድኃኒቱም ቶሎ አይደርስለትም። ጠንካራዎቹ ማስታገሻዎች ሆድ ያደርቃሉና ውሃ አብዝተው ያጠጧቸው፤ ማለስለሻም ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ደረጃስ?

መልስ፦ ሲወጡ ጤነኛው እግር ይቀድማል፤ ሲወርዱ ክራንቹና የታከመው እግር። እርስዎ ሁልጊዜ ከታች በኩል ይሁኑ፦ ሲወጡ ከኋላቸው፣ ሲወርዱ ከፊታቸው።

ጥያቄ፦ የአባቴ ዳሌ ነው። ጥንቃቄው ያው ነው?

መልስ፦ አይደለም። የዳሌ ትልቁ ስጋት ከቦታው መውለቅ ነው። ቀዶ ሕክምናው ከኋላ በኩል ከሆነ ዳሌያቸው ከ90 ዲግሪ በላይ አይታጠፍ፣ እግራቸውን አያጣምሩ፣ የእግር ጣታቸውን ወደ ውስጥ አያዙሩ። ስለዚህ ዝቅ ያለ ሶፋ ይቅርባቸው፤ መደገፊያ እጀታ ያለው ከፍ ያለ ወንበር ይፈልጉላቸው፤ ካልሲና ጫማም እርስዎ ያጥልቁላቸው። ከፊት በኩል ከሆነ ክልከላው ስለሚለይ ቀዶ ሐኪማቸውን ይጠይቁ፤ እስከ መቼ እንደሚጠነቀቁም የሚወስኑት ሐኪሙ ናቸው።

ጥያቄ፦ ምን ሳይ ነው ልደነግጥ የሚገባኝ?

መልስ፦ ቁስሉ መግል ከያዘ፣ መቅላቱ ከሰፋ ወይም ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ካለፈ በዚያው ቀን ይደውሉ። ድንገት ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ደረታቸውን ከወጋቸው በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል። ባታቸው አብጦ ሲነካ ካመማቸውም እዚያው ይውሰዷቸው፤ ይቀላቸዋል ብለው ግን እንዳያሹት፦ የረጋ ደም ካለ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል።