ግራሩ ላይ የተንጠለጠለው ጭራሮ

ውድ ወጣቶች፣

ከምህንድስና ትምህርት ከተመረቀ ሁለት ዓመት ያልሞላው አንድ ወጣት በቅርቡ ቤቴ መጥቶ ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ «ጋሼ፣ እኔ ሦስት ቀን የምደክምበትን ጥያቄ ቻትቦቱ በግማሽ ደቂቃ ከመለሰልኝ፣ አስቀድሜ ማሰቤ ምን ይጨምርልኛል?» ብሎ ጠየቀኝ። የሚረባ መልስ አልሰጠሁትም። ስለ ትጋት አንድ ሁለት ነገር ተናግሬ ወሬውን ለወጥኩት። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ፤ ጥያቄው ወደ 40 ዓመት ያህል ሸፍኜ ያኖርኩትን ነገር ነካክቶብኝ ነበርና።

በ1980 ዓ.ም. በሸዋ ሮቢት አካባቢ በሚሠራ አንድ የገጠር መንገድ ላይ የውሃ ማሳለፊያዎችን ቦታና መጠን እንዳረጋግጥ ተመድቤ ነበር። ጊዜው ጥቅምት ስለነበር መንገዱ ከሚያቋርጣቸው ደረቅ ወንዞች በአንዱ አሸዋ ላይ ፍየሎች ተኝተው ነበር እንጂ የውሃ ጠብታ አልነበረም። ዳር ላይ ግን አንድ ትልቅ ግራር ቆሟል፤ ከቅርንጫፎቹ በአንዱ ላይም፣ ደረቴ በሚደርስበት ከፍታ፣ ጭራሮ፣ ደረቅ ሣርና የተቀደደ ጆንያ ተጠማዝዞ ተንጠልጥሏል። በአቅራቢያው ማሽላቸውን ከወፍ የሚጠብቁ ሽማግሌ ትክ ብዬ ሳየው ተመልክተው፣ «እሱማ ያቻምና የመጣው ጎርፍ የተወው ነው፤ እዚህ ሳይዘንብ ነው የሚመጣው። ደጋው ሲያጉረመርም እኛ ከብቶቻችንን እናወጣለን» አሉኝ።

የወንዙን ስፋት በሜትር ለካሁት፤ 8 ሜትር ሆነ። ጭራሮው ያለበትን ከፍታ 1.3 ሜትር፣ የውሃውን ፍጥነት ደግሞ በሰከንድ 2 ሜትር ብዬ ብወስድ በሰከንድ ከ20 ሜትር ኩብ በላይ ውሃ አልፎ ነበር ማለት ነው። በማስታወሻ ደብተሬ ላይ «ቱቦ አይበቃም፤ ትንሽ ድልድይ» ብዬ ጻፍኩና ሥሩን በእስክሪብቶ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ቢሮ ስመለስ የጠበቀኝ ግራና ቀኙ የተበሳ ሰፊ የኮምፒውተር ወረቀት ነበር። በሠንጠረዡ ውስጥ የእኔ ወንዝ ተራ ቁጥር ተሰጥቶት፣ በሰከንድ 2.61 ሜትር ኩብ፣ ባለ 90 ሳንቲሜትር ሁለት ቱቦ ይላል። ከነጥብ በኋላ ያሉት ሁለት አኃዞች ያኔ እንዴት እንደማረኩኝ ዛሬም ይገርመኛል፤ የእኔ ስሌት «ከ20 በላይ» ሲል የእርሱ እስከ መቶኛ ድረስ ያውቃል።

ወረቀቱን አምኜ ማስታወሻዬን ብተወው ኖሮ ስንፍና ብዬው አልፍ ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። ግራሩን መልሼ በዓይነ ሕሊናዬ ሳየው ጭራሮው ከደረቴ ወርዶ ከወገቤ በታች ሆኖ ታየኝ። ምናልባት ነፋስ ያመጣው ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ሽማግሌውም በሐሳቤ ውስጥ ወሬ ማጋነን የሚወዱ ሰው ሆኑ። ማስታወሻ ደብተሩን ከፍቼ 1.3 የሚለውን ማየት እችል ነበር፤ አልከፈትኩትም። ፊርማዬን አኖርኩ።

ሐምሌ ላይ ጎርፉ መጣ። ሁለቱን ቱቦዎች በግንድና በድንጋይ ደፈናቸው፤ የመንገዱ አፈር እንደ ግድብ ሆኖ ውሃውን አቆረና ወደ ጎን መለሰው፤ የተመለሰውም በሽማግሌው ማሽላ ላይ ነበር። የስህተቱን ምክንያት ያገኘነው ቆይተን ነው፤ ለስሌቱ የተወሰደው የዝናብ መጠን ቆላው ላይ ከተተከለ መለኪያ የመጣ ሲሆን ውሃው የሚወርደው ግን ከላይ ከደጋው አፋፍ ነበር። ኮምፒውተሩ የተሰጠውን በትክክል አስልቷል። መስከረም ላይ ወደ ሽማግሌው ስሄድ ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ። እኔ ስለ ኮምፒውተሩና ስለ ዝናብ መለኪያው ማስረዳት ስጀምር በእርጋታ አቋረጡኝና፣ «አንተማ አይተኸው ነበር እኮ» አሉኝ። ከዚህ ሌላ ምንም አላሉም፤ ሲኒዬን ሞሉልኝ።

እኔ ትምህርት የጀመርኩት በስላይድ ሩል፣ ቁጥር የተቀረጸበትን ተንሸራታች ማስመሪያ እየገፉ በሚያባዙበትና በሚያካፍሉበት መሣሪያ፣ ነው። ያ መሣሪያ አኃዞቹን ይሰጣችኋል እንጂ የነጥቡን ቦታ አይነግራችሁም፤ መልሱ 2.6 ይሁን 26 አስቀድማችሁ በግምት ማወቅ ነበረባችሁ። ካልኩሌተር ሲመጣ መምህሮቻችን ጭንቅላታችን ሊዝግ ነው ብለው ነበር፤ እኔ ግን ስላይድ ሩሉን መሳቢያ ውስጥ ስከተው ቅንጣት አላዘንኩም፤ አሁንም መልሱልን አልልም። ቢሆንም በ2.61 ፊት ዝም ያልኩት ያን የግምት ልማድ ከመሣሪያው ጋር መሳቢያ ውስጥ ስለከተትኩት ይመስለኛል።

የዛሬው ቻትቦት ከዚያ ወረቀት የሚብሰው ማውራት በመቻሉ ነው። ሰው ለሚያወራ ነገር ልቡ ቶሎ ይከፈታል። ጆሴፍ ዋይዘንባም የተባሉ፣ ኤም.አይ.ቲ. በሚባለው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር፣ እ.ኤ.አ. በ1966 ይፋ ያደረጉት ኤላይዛ የተባለ ፕሮግራም ሰዎች የጻፉለትን ዓረፍተ ነገር ገልብጦ መልሶ ከመጠየቅ ያለፈ ሥራ አልነበረውም፤ ሆኖም ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ያየችው የገዛ ጸሐፊያቸው ከእርሱ ጋር ጥቂት እንደተጻጻፈች ፕሮፌሰሩ ክፍሉን ለቀው እንዲወጡላት ጠይቃለች። የአሁኖቹ ደግሞ ከብዙ ጽሑፍ በቀሰሙት ልማድ ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየተነበዩ የሚጽፉ ናቸው፤ ከተመገቡት ጽሑፍ የሚበዛው እንግሊዝኛ ነው፤ የእኔ ግራር ግን በየትኛውም ቋንቋ አልተጻፈም።

ልጄ ከእነዚህ አንዱን ስልኬ ላይ ጭናልኝ ያን ወንዝ ገለጽኩለት። ሁለት ቱቦ የሚበቃ ይመስለኛል ስለው ምክንያቱን አሳምሮ ደረደረልኝ። በማግስቱ እንደ አዲስ ጀምሬ አይበቃም ብዬ እሰጋለሁ ስለው ስጋቴን አድንቆ በዚያው ልክ አስረዳኝ። ሁለቱንም ሳነብ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ፤ ያስደነገጠኝም ይኸው ስሜት ነው። የማሽኑ አጎብዳጅነት የእኔ ቅዠት አይደለም፤ ቻትጂፒቲ የተባለውን ቻትቦት የሚሠራው ኩባንያ ኦፕንኤአይ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2025 አንድ ማሻሻያውን ተጠቃሚን ከልክ በላይ እየካበ በመገኘቱ መልሶ አንስቶታል።

ምንጭ አመሳክሩ፣ የሰው ሥራ የራሳችሁ አታድርጉ የሚለውን አልደግምላችሁም። የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው፤ ከመጠየቃችሁ በፊት የራሳችሁን ግምት በወረቀት ላይ፣ ቁጥር ካለው በቁጥር፣ ጻፉ። መልሱ ሲመጣም ወረቀቱን ክፈቱት፤ መልሱን ካነበባችሁ በኋላ ቀድሞ ምን አስባችሁ እንደነበር ትዝታችሁ በታማኝነት አይነግራችሁምና። እናንተ ከጥያቄ ጋር አንድ ሌሊት ማደር አትወዱም፤ ዝምታ ያስጨንቃችኋል፤ ይህን ስል እንደማይጥማችሁ አውቃለሁ። የእኔ ትውልድ ግን ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ ከወንበሩ የሚነሣ ትውልድ ስለነበር፣ እናንተን ለመውቀስ የተሻለ ሰው ቢገኝ ይሻላል።

ያን ወጣት ደውዬ ጠራሁትና ይህንኑ ነገርኩት። ከሳምንት በኋላ የማስታወሻውን ገጽ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ እርሱ የገመተው የጎርፍ መጠን ማሽኑ ከሰጠው ሦስት እጥፍ ይበልጣል። አብረን ቁጭ ብለን ስናየው የተሳሳተው እርሱ ነበር፤ የተፋሰሱን ስፋት ከካርታው ላይ ሲያነብ ከጎን ያለውን ሸለቆ ጨምሮበታል። ይህን ስነግረው አላፈረም፤ ይልቁንም በሁለቱ ሸለቆዎች መካከል ያለው ጉብታ ካርታው እንደሚለው ውሃውን በእርግጥ ይከፍለው እንደሆነ ቅዳሜ ሄዶ ሊያየው እንደሆነ ነገረኝ። ክረምቱ ስለገባ ቦቲ ጫማውን እንዳይረሳ ነገርኩት።