«እናት የምትጠፋበትን ፊልም ሁሉ አጥፍቻለሁ»

ጥያቄ፦ «ሁለት ልጆች አሉኝ። ሴቷ 13፣ ወንዱ 8 ዓመታቸው ነው። እናታቸው ከሄደች ወዲህ እሁድ እሁድ ማታ አብረን ፊልም ማየት ጀምረናል። ለዚህ ብዬ ሃርድ ዲስክ ገዝቼ ከፊልም ቤትም ከቴሌግራምም እያስጫንኩ እሰበስባለሁ። ልጆቹ ከተኙ በኋላ እያንዳንዱን አስቀድሜ አያለሁ። መሳሳም ያለበትን አጠፋለሁ። ደም ያለበትን አጠፋለሁ። እናት የምትሞትበትን ወይም የምትጠፋበትንም ሁሉ አጥፍቻለሁ። በቀደም ግን አንዱ አመለጠኝ። ፋይንዲንግ ኒሞ የሚባለውን የዓሣ ካርቱን ‹የሕፃናት ነው› ስላሉኝ ሳላየው ከፈትኩት። ገና ሲጀምር ትንሹ ልጄ አለቀሰ። ወዲያው ዘጋሁትና ‹ፊልም እኮ ነው› አልኩት። እህቱ ምንም ሳትል ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ወዲህ እሁድ ማታ አብራን አትቀመጥም። ልጅ የማያስለቅስ፣ ንጹሕ የቤተሰብ ፊልም ሃያ ያህል ቢጠቁሙኝ ደስ ይለኛል። ልጄንስ እንዴት ወደ ሳሎን ልመልሳት?» (አንድ አባት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦

ውድ ጠያቂዬ፣

ቀኑን ሙሉ ሲሮጡ ውለው፣ ማታ ደግሞ ልጆች አስተኝተው ፊልም ሲፈትሹ የሚያመሹ አባት ነዎት። ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ስንት ቤት ነው ስልክ አስይዞ መገላገል የተለመደው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈው ከከበደዎት፣ እርስዎን ለመውቀስ እንዳልሆነ ይረዱልኝ።

ደብዳቤዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ ሃርድ ዲስኩ ነግረውኛል። ፊልሞቹን ከየት እንደሚያመጡም ነግረውኛል። ስለ ልጆቹ እናት ግን ያሉኝ «ከሄደች ወዲህ» ብቻ ነው። የት ሄደች? ለሥራ ዓረብ አገር? ተለያይታችሁ ነው? ወይስ አርፋ? እኔ ባላውቅ ምንም አይደለም። ያሳሰበኝ ሌላ ነው። የ8 ዓመቱ ልጅዎም እንደ እኔ «ሄደች» የሚለውን ብቻ ይዞ ተቀምጦ ይሆን?

ይህን የምጠረጥረው በእኛ አገር የተለመደ ስለሆነ ነው። ለትልቅ ሰው መርዶ በወጉ ይነገራል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ጎረቤት አብሮ ያለቅሳል። ለሕፃን ግን እንዲህ ያለ ወግ የለንም። «እማዬ ውጭ አገር ናት»፣ «ለሥራ ነው»፣ «ትመጣለች» ይባላል። ፍቺም ሲሆን ያው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ ልጁ ሲገባ ወሬው ይቋረጣል። ልጁም ወሬ የሚያቋርጠው እሱ መሆኑን ያያል። የሆነ ነገር እንዳለ ያውቃል። ምን እንደሆነ ግን የሚጠይቀው ሰው የለውም። ይሄኔ ባዶውን ቦታ በራሱ ሐሳብ ይሞላዋል። በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች የሚሞሉበት ሐሳብ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከእውነቱ የባሰ ነው። «ስለረበሽኩ ነው የሄደችው» ብሎ የሚያምን ልጅ ስንቱን አይቻለሁ።

አሁን ወደ ፊልሙ እንምጣ።

የጠየቁኝ ዓይነት ዝርዝር የለም። «የሕፃናት ነው» ያሉዎት ሰዎች አልዋሹዎትም። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በሚጠቀሙበት የዕድሜ ደረጃ ኒሞ «ጂ» ነው የተሰጠው። ለሁሉም ዕድሜ ይሆናል ማለት ነው። አባት አንበሳው ልጁ ዓይን ሥር የሚሞትበት ላየን ኪንግም «ጂ» ነው። ደረጃ ሰጪዎቹ የሚያዩት በዋናነት ጠብ፣ ስድብ፣ ራቁትነትና አደንዛዥ ዕፅን ነው። ሐዘን ከዋናዎቹ ውስጥ የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ቢኤምጄ በተባለው የብሪታኒያ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ደግሞ 45 ታዋቂ የልጆች አኒሜሽን ፊልሞችን ለአዋቂ ከተሠሩ 90 ድራማዎች ጋር አስተያይቶ ነበር። ዋና ገጸ ባሕርያት የመሞታቸው ዕድል በካርቱኖቹ ሁለት ተኩል እጥፍ ገደማ በልጦ ተገኘ። በተለይ የወላጆች የመሞት ዕድል ከፍ ያለ ነበር።

ይሄ የፈረንጅ ክፋት አይደለም። የእኛም ተረት እኮ በእንጀራ እናት የተሞላ ነው። እናቱ አጠገቡ ያለች ልጅ ከቤት አይወጣም፤ ካልወጣ ደግሞ ተረቱ አይጀምርም። እና እናት የሌለችበትን ፊልም ሁሉ አጠፋለሁ ካሉ ሃርድ ዲስኩ ባዶውን ይቀራል።

ባዶ ባይቀርም ግን እንዲያጠፉ አልመክርዎትም ነበር። ምክንያቴን ልንገርዎት፤ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ ይያዙ ብባል ይሄን ይያዙ እላለሁ። ለልጅዎ «ፊልም እኮ ነው» ብለውታል። ፊልም መሆኑንማ ያውቃል፤ የ8 ዓመት ልጅ ነው። ማልቀስ የቻለው ፊልም ስለሆነ ነው። ለገዛ እናቱ ያልቅስ ቢባል አይችልም። ቤቱ ውስጥ ስሟ አይነሳም፤ ቢያለቅስ አባቱ እንደሚከፋ ያውቃል፤ ለምን እንደሚያለቅስ እንኳ በቅጡ አልተነገረውም። ለዓሣዋ ግን ማልቀስ ይቻላል። ማንም አይጠይቀውም፣ ማንንም አያሳዝንም። ልጆች ትልቁን ነገር የሚነኩት እንዲህ በጎን በኩል ዞረው ነው። በጨዋታ፣ በሥዕል፣ በተረት፣ አሁን አሁን ደግሞ በፊልም። እኛ አማካሪዎች በቢሮአችን አሻንጉሊት የምናስቀምጠው ለዚሁ ነው። እሱ ያንን መንገድ ራሱ አገኘው። እርስዎ ደግሞ ገና ሲጀምር ሪሞቱን አነሱ።

ሌላም ነገር አለ። ያ ፊልም ስለ ማን እንደሆነ ያውቃሉ? ሚስቱን ባጣ አባት ላይ ነው። የቀረ አንድ ልጁን ምንም እንዳይነካው ብሎ ከዓይኑ ሥር አላርቅ ይለዋል፤ ልጁ ታፍኖ ሲያዝ ደግሞ ውቅያኖስ አቋርጦ ይፈልገዋል። ልጅዎ ይሄን አላየም። ያየው እናትየው የጠፋችበትን የመጀመሪያውን ክፍል ብቻ ነው። የአባትየው ክፍል ሳይደርስ ተዘጋ።

ከፈቀዱልኝ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እነዚህን ሁሉ ፊልሞች ሌሊት ብቻዎን አይተዋቸዋል። እናት የምትሞትበትን ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር። ያኔ እርስዎ ምን ይሆናሉ? ማጥፊያውን የሚጫኑት ለልጆቹ ብቻ ብለው ነው? መልሱን ለእኔ መጻፍ አይጠበቅብዎትም።

ስለ ሴት ልጅዎ ባጭሩ። እሷን «ወደ ሳሎን የምትመለስ» አድርገው ነው የጻፉት። እኔ ግን፣ ቅር አይበልዎትና፣ ከእሷ ጋር ነኝ። 13 ዓመት ትንሽ ዕድሜ አይደለም፤ እውነቱን ሳታውቅ አትቀርም። ምናልባትም «ለወንድምሽ እንዳትነግሪው» ተብላለች። ከሆነ በዚያች ሌሊት ያየችው ይሄ ነው፦ ወንድሟ ያለቅሳል፣ ምክንያቱን እሷ ታውቃለች፣ አባቷ ደግሞ «ፊልም ነው» ይላል። ምን ብላ ትቀመጥ? ልክ ላልሆን እችላለሁ። ግን ፊልም ስለ ሰለቻት አይመስለኝም።

ምን ይደረግ? በደብዳቤ ብዙ ማለት ይከብደኛል፤ እናታቸው የት እንዳለች እንኳ አላወቅኩም። ግን መጀመሪያ ለብቻዎ ከሴት ልጅዎ ጋር ይነጋገሩ። ምን እንደምታውቅ ይጠይቋት እንጂ አይንገሯት። ከዚያ ለትንሹ እውነቱን በአጭርና በግልጽ ቃል ይንገሩት። አርፋ ከሆነ «ሞታለች» ይበሉት። «ተኝታለች» ወይም «ሄዳለች» የተባለ ልጅ መጠበቁን አይተውም። ሞት የማይመለስ መሆኑን ልጆች መረዳት የሚጀምሩት ከ5 እስከ 7 ዓመት ባለው ነው፤ የእርስዎ ልጅ ደርሷል። ዓረብ አገር ከሆነች ቀኑ ሳይታወቅ «በቅርቡ ትመጣለች» አይበሉት፤ ከቻላችሁ ድምፅዋን በስልክ ይስማ። ተለያይታችሁ ከሆነ በእሱ ምክንያት እንዳልሆነ ከአንድ ጊዜ በላይ መስማት አለበት። ሲነገረው ምንም ላይል ይችላል። ኳሱን ይዞ ሊወጣም ይችላል። አይደንግጡ። ከሳምንታት በኋላ ታክሲ ውስጥ ሰው መሃል ይጠይቅዎታል፤ ያኔም ይመልሱለት።

ይህን ለብቻ መወጣት ከባድ ነው። በአካል የሚያገኙት አማካሪ ቢኖር ጥሩ ነበር። መጀመሪያ እርስዎ ብቻዎን ቢሄዱ እመርጣለሁ። (ምክር መቀበል አማኑኤል መግባት ነው የሚሉ አሉ። አይደለም። አማኑኤልም ቢሆን የሚያሳፍር ቦታ አይደለም።) ልጁ እንቅልፍ ካጣ፣ ምግብ ካቆመ ወይም ትምህርት ቤት አልሄድም ካለ ግን ቀጠሮውን አያዘግዩት።

ሃያ ፊልም አልልክልዎትም። ጥቂት ግን ልጠቁምዎት፤ ልጆቹ እውነቱን ከሰሙ በኋላ ቢሆን ይሻላል። ማይ ኔበር ቶቶሮ፣ እ.ኤ.አ. የ1988 የጃፓን አኒሜሽን ነው። እናት ሆስፒታል ተኝታለች፤ አባት ሁለት ሴት ልጆቹን ያሳድጋል፣ ሆስፒታልም ይዟቸው ይሄዳል። ቺልድረን ኦቭ ሄቨን እ.ኤ.አ. የ1997 የኢራን ፊልም ነው። ወንድምና እህት አንድ ጫማ እየተቀያየሩ ትምህርት ቤት ሲሄዱ ያሳያል፤ የእኛ ልጆች ጨርሶ እንግዳ አይሆንባቸውም። በአማርኛ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን የፊልም ፌስቲቫል የደረሰው ላምብ አለ። እናቱ የሞተችበት ልጅ ከነበጉ ዘመድ ቤት ይቀራል፤ አባቱ ለሥራ አዲስ አበባ ይሄዳል። እሱን መጀመሪያ ከትልቋ ጋር ብቻ ቢያዩት እላለሁ። ኒሞንም ጨርሱት። ሲያለቅስ አይዝጉት፤ ጠጋ ይበሉና አብረውት ይቀመጡ። ምንም ማለት አይጠበቅብዎትም።

የሚቀጥለውን ደግሞ ሴት ልጅዎ ትምረጥ። የመረጠችው መሳሳም ካለበት ምን እንደሚያደርጉ አሁን አልነግርዎትም፤ እሱ ሌላ ደብዳቤ ነው፣ ይጻፉልኝ።